ኦቦ ገለታ እና «ነፃ» የምትል ቃል

ኦቦ ገለታ ማረፋቸውን የነገረችኝ ጎጆ ከምትባል የገጠር ከተማ የምትመጣ ድንች ሻጭ ናት። ቅዳሜ ገበያ ቁጢጥ ብዬ ድንች ስመርጥ፣ «ሰማሽ እትዬ? ያ የሆስፒታሉ ሽማግሌ፣ ኦቦ ገለታ፣ ትናንት ተቀበሩ» አለችኝና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እናቷ ታመው ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ያስተረጎሙላቸው እሳቸው ናቸው። «እንደሳቸው ያለ ሰው ዳግመኛ አይወለድም» አለች።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። አልኩ እንጂ ከአንገት በላይ ነበር። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንደ አባት ያየኋቸው ሰው ናቸው። የመጣብኝ ግን እልህ ነው። ስንት ዘመን አልፎ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያውራ፤ እኔም አወራለሁ፤ ግን ግማሹን አውርቼ ዝም አልልም።

ኦቦ ገለታ በከተማችን አቅራቢያ በነበረ የሚሲዮን ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። ዋናው ሥራቸው ግን ማስተርጎም ነበር። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ በማኅተም ላይ ከተማችን ሀገረ ሕይወት ትባላለች፣ እኛ ግን አምቦ ነው የምንላት። ቀዶ ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ። በሽተኛው ደግሞ ከጄልዱ፣ ከጌዶ፣ ከጊንጪ ገጠር የሚመጣ፣ ከኦሮምኛ በቀር የማያውቅ። በሁለቱ መሃል ኦቦ ገለታ ይቆማሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ፎጣ ጣል ያደረጉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከማስተርጎማቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። መርፌ ሊወጉ አይደለም፣ ቁስል ሊነኩ አይደለም፣ እንዲያው ለመናገር። አንድ ቀን፣ «ኦቦ ገለታ፣ ለአፍ ሥራ እጅ መታጠብ ምን ያደርጋል?» ብዬ ቀለድኩባቸው። «ኢንተላ ኮ፣ የሰው ሕመም እኮ ነው የምይዘው» አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔን ሲጠሩ ሁልጊዜ እንዲያ ነው።

ቃል በቃል አስተርጉመው አያውቁም። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ ሲናገር ይቆይና እሳቸው በሁለት ቃል ይጨርሱታል። «ያን ሁሉ ተናግሬ ይኼ ብቻ ነው?» ሲላቸው፣ «ሌላው ቁጣ ነው ዶክተር፤ ቁጣውን ከፊትህ አይተውታል» ይሉታል። ፈረንጁ ራሱ ይስቅ ነበር። በሽተኛም ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸውን ያምን ነበር። ገጠር ውስጥ፣ «ምን አለህ ሐኪሙ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ኦቦ ገለታ ምን አሉ?» ነው የሚባለው።

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ሆዷ ውስጥ ዕጢ ወጥቶባት ወሰድኳት። ሐኪሙ አይቶ፣ በዚያ በመጽሐፍ አማርኛው፣ «ለዚህች ሴት የምናደርገው ነገር የለም፤ ወደ ቤቷ ትመለስ» አለ። እኔ ሰማሁ። እናቴ አማርኛ አትሰማም፤ ኦቦ ገለታን ነው የምታየው። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው፣ በፎጣቸው አድርቀው፣ እጇን ያዙና በኦሮምኛ፣ «ብዙ ደክመሻል፤ ከእንግዲህ ከልጆችሽ ጋር ሆነሽ ዕረፊ ብሎሻል» አሏት።

እናቴ በደስታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ፣ «ዕረፊ አለኝ እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ማን ዕረፊ ብሎኝ ያውቃል?» ስትል ነበር። ቤት ገብታ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ሁለት ወር ያህል እንጨት ሳትለቅም፣ ውሃ ሳትቀዳ፣ እንደ እመቤት ተቀምጣ ሞተች። ያቺን ውሸታቸውን ወድጄላቸው ነበር። ስወዳት እኖራለሁ ብዬም ነበር።

እኔ የዚያን ጊዜ የአንድ ጣውላ ፋብሪካ ታይፒስት ነበርኩ። ሁለት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ ለማ ደግሞ እዚያው ግንድ ጫኝ ነበር። ፋብሪካው ከሆስፒታሉ ጋር የሕክምና ውል ነበረው። ሠራተኛ ሲታመም እኔ ዘንድ ይመጣል፣ የሕክምና ወረቀት እመታለታለሁ፣ ማኅተም ይደረግበታል፤ በዚያች ወረቀት እሱም ቤተሰቡም ይታከማሉ። ሠራተኛው ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ደረቱ ይነፋ ነበር።

አንድ ቀን ግንድ ተንከባሎ ለማን ጭኑን ሰበረው። ፈረንጁ ቀዶ ሐኪም አጥንቱን ገጥሞ ብረት አስገባለት። ያን ቀን ኦቦ ገለታ ከአጠገቡ አልተለዩም። ለማ፣ «ብረት ይዤ ልኖር ነው?» ብሎ ሲያለቅስ፣ «አትሸበር፤ እንግዳ ነው። ዓመት ሲሞላው አውጥተን እንሸኘዋለን» አሉት። ለማ ከዚያ ወዲህ ጭኑን መታ መታ እያደረገ፣ «እንግዳዬ ደኅና አደረ» እያለ ያስቀን ነበር። ቀጠሮው ከዓመት በኋላ ለጥቅምት ተጻፈ።

ጥቅምት ሲገባ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ። ቀዶ ሐኪሙ አገሩ ሊገባ ነው፤ በእሱ ቦታ የሚተካ የለም፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ ውሉን ማፍረሱ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ይኼን ለሠራተኛው የሚለጠፍ ማስታወቂያ አድርገው ጻፉት፤ እኔ መታሁት። ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ሆስፒታሉ ከድርጅታችን ጋር ከነበረው የሕክምና ውል ነፃ የሚሆን ስለሆነ፣ ሕክምና ጀምረው ያላጠናቀቁ ሠራተኞች በሠላሳ ቀናት ውስጥ ቀርበው እንዲያጠናቅቁ፣ የሕክምና ካርዳቸውንና የራጅ ፊልማቸውን እንዲረከቡ እናሳስባለን።»

በቃ፣ ይኼው ነው። ታይፒስት ስትመታ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አታይም፤ መትቼ ሰጠኋቸው።

ሥራ አስኪያጁ ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ረቡዕ በውይይት ሰዓት ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስበው ማስታወቂያውን አነበቡ። አነበቡ ከተባለ፤ በአንድ ትንፋሽ ለቀቁት። ሠራተኛው የጄልዱ ሰው ነው፤ ምን ይሰማል? ሁሉም ዞሮ ኦቦ ገለታን አየ። ሆስፒታሉ ለማስረዳት ልኳቸው መጥተው ነበር።

«ጓድ ገለታ፣ ለጓዶች ያስረዱ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

እንግዲህ ሁለቱን ቋንቋ የማያውቅ ይወቀው። አማርኛ፣ ከግዴታ የወጣም ነፃ ነው ይላል፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥም ነፃ ነው ይላል። ኦሮምኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ከግዴታ የወጣው ቢሊሳ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ቶላ ነው። ኦቦ ገለታ ተነሡ፣ ፎጣቸውን አስተካከሉና፣ «ሆስፒታሉ ቶላ ሆኗል» አሉ በኦሮምኛ።

 ከዚያ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ! ባርኔጣውን ወደ ላይ የወረወረ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ እልል አለች። ከእንግዲህ ወረቀትም፣ ማኅተምም፣ ደጅ መጥናትም የለም፤ የታመመ ሁሉ ገብቶ ይታከማል ማለት ነው። ኦቦ ገለታ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስለ ሠላሳው ቀን፣ ስለ ካርዱ፣ ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል ሳይናገሩ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። ውል ፈረሰ ተብሎ የሚያጨበጭብ ሠራተኛ አይተው አያውቁም። «ደስ ብሏቸው ነው ጓድ» አልኩ። «ንቃተ ኅሊናቸው ከፍ ብሏል ማለት ነው» ብለው መፈክር አስያዙን። ጉድ እኮ ነው!

እኔስ? ደብዳቤውን የመታሁት እኔ፣ ሁለቱን ቋንቋ የማውቀው እኔ፣ ምን ሆኜ ነው ዝም ያልኩት? ይኼን ራሴን ብዙ ጠይቄዋለሁ። ኦቦ ገለታን አምኜ ነው። የሆስፒታሉ ሰው ናቸው፣ ከደብዳቤው በኋላ የተወሰነ ነገር ቢኖር ነው፣ እሳቸው የማያውቁትን እኔ አላውቅም አልኩ። በገዛ ጣቴ የመታሁትን ትቼ የሳቸውን አፍ አመንኩ።

ማስታወቂያው ደግሞ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ባሰ። አንዱ ግንድ ጫኝ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ነበር። ሰው ከቦት ቆሞ፣ ጣቱን እያስኬደ፣ «ሆ፣ ስ፣ ፒ፣ ታ፣ ሉ» አለና ብዙውን ዘሎ አንዷ ቃል ላይ ደረሰ። «ነ፣ ፃ! ይኸው! ተጽፏል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠራል? ኦቦ ገለታ ብለውታል፣ ወረቀቱም ይለዋል።

ለማ ያን ሰሞን እቤት መጣ። «እትዬ፣ ቶላ ከሆነ ምን ያስቸኩለኛል? ጎጆ ያለው የአባታችን ገብስ ሳይታጨድ ሊረግፍ ነው። ልጨድና ብረቱን ኋላ ባስወጣው ምን ይመስልሻል?» አለኝ። «ምን ያስቸኩልሃል፣ እጨድ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ያነክሳል። ጭኑ አብጧል፣ ጠባሳው ተከፍቶ መግል ይዟል። በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ከየት እንደመጣን ጠይቆ፣ «የጣውላዎቹ ውል ቀርቷል» ብሎ በሩን ገፋብን። ለማ ሳቀ፤ ዘበኛው አዲስ ሆኖ ያልሰማ መሰለው። «ኧረ ቶላ ሆኗል!» አለው።

ለማን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ዘበኛውን ለምኜ ካርድ ክፍል ገባሁ። እዚያ ያለችው ልጅ በዓይን ታውቀኛለች። «ምነው እስካሁን?» አለችኝ። «ቀዶ ሐኪሙ ከሄደ ሰነበተ። ሠላሳው ቀን እስኪያልቅ ቁጭ ብለን ጠበቅናችሁ እኮ። ሰው ስላልመጣ ያልተወሰደው ፊልም ከዕቃው ጋር ወደ አዲስ አበባ ተጫነ። የት መጋዘን እንደገባ እኔ አላውቅም።»

«ከእኛ ማንም አልመጣም?» አልኳት።

«አንድ ሰው ብቻ። ዘበኛችሁ፣ በዳዳ። በሁለተኛው ሳምንት መጥቶ ቡአውን ቀዶ ሐኪሙ ሠራለት፣ ካርዱን ፈርሞ ተቀብሎ ወጣ።»

በዳዳ የኦቦ ገለታ ልጅ ባል ነው።

እግሬ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም። ኦቦ ገለታ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እንዴት አደርሽ ልጄ።

«በዳዳ ስለ ሠላሳው ቀን ከማን ሰማ?» አልኳቸው። ሰላምታም አልመለስኩ።

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። ቧንቧውን ዘጉና ዞር ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቃሉ አምልጦኝ ነው» አሉ። «ነፃ ሲል ቶላ ወጣብኝ። ወዲያው ነው የሰማሁት። ልመልሰው ስል አጨበጨቡ።»

«ካጨበጨቡስ በኋላ? በማግስቱስ? ሠላሳ ቀን ነበረዎት እኮ!»

«በማግስቱ ልናገር ተነሥቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ጸሎት ቤታችን ታሽጓል፣ ስማችን ተይዟል። ሌላ ሰው በመንግሥት ስብሰባ ላይ አስተርጉሞ ቢሳሳት ተሳሳተ ይባላል። ጴንጤ አይሳሳትም፤ ጴንጤ አሻጥር ነው የሚሠራው። አራት ልጆች አሉኝ።»

ይኼን ይቅር ማለት እችል ነበር። እውነቴን ነው። ያን ጊዜ ያየ ሰው በሰው ፍርሃት አይስቅም። ግን በዳዳ አለ መሃል ላይ።

«ለማን ጠርተው በጆሮው ቢነግሩትስ? ራስዎ አይደሉም እንዴ ብረቱ ይወጣል ያሉት?»

«ለማ ዝም አይልም። ለጓደኞቹ ይነግራል፣ ጓደኞቹ ለሌላው።»

«በዳዳ ግን ዝም ይላል።»

«በዳዳ ዝም ይላል» አሉ፤ ቀጥ ብለው እያዩኝ። ከዚያ ደግሞ ያላሰብኩትን አመጡ። «አንቺስ ኢንተላ ኮ? ወረቀቱን የመታሽው አንቺ ነሽ። ቃሉን ስናገር ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔማ እርስዎን አምኜ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ግቢው ሁሉ ዞሮ አየን። እሳቸው ቧንቧውን እንደገና ከፍተው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። ትቻቸው ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በሰላምታ እንኳ ተነጋግረን አናውቅም።

ለማን ይዤ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድኩ። አዲስ ዓለም ላይ ስንቆም መንገደኛው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ወረደ፤ እሱ እግሩን ማጠፍ አቅቶት መቀመጫው ላይ ቀረ። ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ፊልሙ የታለ? ምን ዓይነት ብረት ነው የገባው? ማን ነው ያስገባው?» ሆነ። ካርድ የለ፣ ፊልም የለ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከናል፣ ሌላው ለሳምንት ይቀጥረናል። ተራው ደርሶ ሲታይ መርዙ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ወንድሜን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

እሱ ብቻ መስሏችሁ እንደሆነ አይደለም። ሁለተኛ ልጇን በቀዶ ትወልዳለሽ ተብላ ቀጠሮ የያዘች የግንድ ቆራጭ ሚስት ነበረች። ዓይኑ ሊሠራለት የነበረ ሽማግሌ ነበር። ሁሉም በር ላይ ደርሰው፣ «ቶላ ሆኗል» እያሉ ተመለሱ። ማንም ግን ኦቦ ገለታን በአደባባይ አልወቀሰም። ሥራ አስኪያጁን ሰደቡ፣ መንግሥትን በሹክሹክታ ሰደቡ፣ ፈረንጁን ሰደቡ። ለኦቦ ገለታ እንደ ወትሮው እየተነሡ እጅ ይነሡ ነበር። እሳቸውም ይቀበሉ ነበር።

ዛሬ ዛሬ መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል ውል አፈረሱ ሲባል ከሰማሁ ቁጭ ማለት አያስችለኝም። የማውቀውን ሰው እጁን ይዤ፣ እስከ መቼ ነው በል፣ ቀኑን በጽሑፍ አምጡ በል፣ የጀመርከውን አስጨርስ፣ ካርድህን ተቀበል፣ ፊልምህን ብብትህ ሥር ይዘህ ውጣ እላለሁ። የነገረህ ሰው የፈለገ ደግ ቢሆን ወረቀቱን ራስህ አንብብ፤ ካልቻልክ ለሁለት ሰው አስነብብ እላለሁ። «አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሻል?» ይሉኛል። ወይ ነዶ! ምን እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኳትም።

ለማ እግሩ በተቆረጠ በሦስተኛው ቀን ነው። በምሳ ሰዓት ሾርባ ይዤለት ገባሁ። ትራስ ደግፌው ተቀመጠ፣ ጥቂት ጠጣና ሳህኑን መለሰልኝ። ዓይኑን አንሶላው ላይ፣ እግሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተክሎ ቆየ።

«እትዬ፣ ያን ማስታወቂያ የመታሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩ።

«ከፋብሪካው አንድ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ቀን የሚል አለ አለኝ። ኦቦ ገለታ ዘለውት ነው አለኝ። አለበት?»

አፌን ከፈትኩ። አለበት ካልኩ፣ ታዲያ አንቺ ስትመቺው አላየሽም? እጨድ ስትዪኝ የት ነበርሽ? ይለኛል። ባይለኝም በዓይኑ ይለኛል። ሾርባውን ማማሰል ጀመርኩ።

«የለበትም» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም። እሳቸው እንዳሉት ነው።»

ትልቅ ትንፋሽ አወጣ። ሸክም የቀለለው መሰለኝ። እጄን ስቦ ሳመኝና፣ «ተመስገን» አለ። «እኔ እኮ ኦቦ ገለታን ጠርጥሬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»